በምስጋና የታሰርኩበት ግምገማ

ከዲክሲስ ወዲያ ባለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስመደብ፣ ልጄን ገና ጡት እንዳስጣልኳት አሰላ እህቴ ጋ ትቻት ሄድኩ። ተረኛ ሆኜ ሳድር ልጅ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። እዚያ ስደርስ ብርዱም ሰዉም አጥንት የሚሰብር ሆኖ አገኘሁት። የበዓል ተረኛ ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ ምሳ ሲቀርብ ቦታ የሚለቅልኝ የለም። እልኸኛ ነኝና እስኪወዱኝ ሠራሁላቸው። የታመመውን ተክቼ ገባሁ፣ ለቅሷቸው ደረስኩ፣ በረመዳን ለማፍጠሪያ ቤታቸው እንዲደርሱ ማታ ማታ እኔ ቆየሁላቸው።

ከመጀመሪያው ያቀረበችኝ አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ስለነበር፣ ከአሰላ በተመለስኩ ቁጥር ልጄ እቅፌን እየሸሸች መሆኑን አልቅሼ የነገርኳት ለእሷ ነው። ለሌላ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሰላ አንድ የነርስ ቦታ ሲከፈት ሁለት ሰዎች አመለከትን፤ እኔና በሽተኛ ላይ የሚጮህ፣ በገበያ ቀን ደብዛው የሚጠፋ ነርስ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ማንን እንደሚለቁ የሚወስኑት ከሠራተኛው ግምገማ በኋላ ነበር። ግምገማ እንዴት ሰውን ቆዳውን እንደሚገፍ ስለማውቅ ከሁሉም ኋላ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሰውየውን አብጠለጠሉት። ወደ እኔ ሲዞሩ ግን አንዱ ታማኝ ናት አለ፣ ሌላው እናቶች ስሟን ጠርተው ነው የሚመጡት አለ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ። በመጨረሻ ጓደኛዬ ተነሳች።

«ወላሂ እሷን የሚተካ የለም» አለች። «ብርዱንም ለምዳዋለች፣ እኛንም ለምዳናለች። እሷ ከሄደች ቤቱ ባዶ ነው።»

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰነፉ ይሂድ፣ ጎበዟን ከለቀቅንማ ጤና ጣቢያውን በእጃችን ገደልነው አሉ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ሰውየው እየሳቀ ወጣ።

በረንዳው ላይ ጓደኛዬን ክንዷን ያዝኩና የልጄን ነገር እያወቀች ለምን እንዲህ እንዳደረገችኝ ጠየቅኳት። ሰው ማመን ቀብሮ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

«አንቺ ከሄድሽ በረመዳን ማን ይቆይልኛል?» አለችኝ። «ልጅሽ እንደሆነች እህትሽን ለምዳለች።»

በጥፊ ማለት አማረኝ። አላልኳትም፤ ማታ እኔና እሷ ነበርን ተረኞቹ። ከጓሮ ሄጄ፣ ዝውውሩ እንዳልተሳካ ለእህቴ ልነግራት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ነበረች። እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ አልኳት። ከዚያ ስልኩን ይዛ ወደ እህቴ ስትሮጥ ኮቴዋ ይሰማኛል።

«እማዬ» አለቻት፣ «ያቺ ሴትዮ ናት።»