ለአሮጌው ጂፕ የሰፋሁት መቀመጫ

በደርግ ጊዜ ጅማ መርካቶ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር እሠራ ነበር። ባለቤቴ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሟል። ቀን ስፌት፣ ማታ የቀበሌ ስብሰባ፣ እሑድ ደግሞ የጽዳት ዘመቻ ነው። ደከመሽ ወይ የሚለኝ ሰው ቢኖር እንኳ አፌን ከፍቼ የምመልስበት አቅም አልነበረኝም።

ነሐሴ ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠራኝ።

«አባትሽ ኮርቻ ሰፊ ነበር አይደል?»

«ነበር።»

«እንግዲያው ሸራና ቆዳ ታውቂያለሽ። ነገ አስተዳደሩ ግቢ ሂጂ።»

ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ የድሮ የጦር ጂፕ ቆሟል። ለአብዮት በዓል ሰልፉን እንዲመራ መካኒኮች ሞተሩን አስነስተው፣ ቀለሙን ቀብተው ጨርሰዋል። መቀመጫው ግን ከብረቱ በቀር ምንም አልቀረውም። ሥራውን የሚመራው ሻምበል «ልክ እንደ ድሮው እንዲሆን ነው የምፈልገው» አለኝ።

«ድሮ እንዴት ነበር?»

«እሱን ብናውቅማ ማን ይቸገር ነበር?»

አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ላይ ሰው ተቀምጦ ወንበሩን ሸፍኖታል። በመጨረሻ ጂፑን ድሮ ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ከአጋሮ አስመጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። ወደ መኪናው ቀረብ ብለው ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና «አልሃምዱሊላህ፣ አለህ?» አሉት።

ከዚያ ለእኔ አስረዱኝ። ሸራው የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይመስል ነበር፤ ውስጡ የፈረስ ጭራ፤ ጀርባው እንደ ጫማ በገመድ የሚታሰር። ሸራውን ከአሮጌ ድንኳን ቆረጥኩ፤ ገበሩን ከቡና ጆንያ አወጣሁ። ጭራውን ከጋሪ ነጂዎች ለምኜ ሰበሰብኩ። በዚያ ዝናብ ፀሐይ የለም፤ አጥቤ ምድጃ ጎን አደረቅሁት። ሽታው ከእጄ አልለቅ ብሎ ስብሰባ ላይ ጎረቤቴ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የነጂውን መቀመጫ ገጠምኩ። ሽማግሌው ወጡና መሪውን ያዙ፤ እግራቸውን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፉ።

«ማሎ፣ እባክሽ! ይሄ አይደለም። ይቆረቁራል።»

ፈትቼ ጭራ ጨመርኩ። በማግስቱም ይቆረቁራል አሉ። እንደገና ፈታሁ። ሲባጎው ጣቴን ቆራርጦት ስለነበር መርፌውን በጨርቅ ይዤ ነው የምስበው። በሦስተኛው ቀን ሲቀመጡ ፊታቸው ሲኮሳተር አይቼ እንባዬ መጣ።

«አባባ፣ የቱ ጋ ነው የሚቆረቁርዎት? ያሳዩኝ።»

ከጭናቸው ሥር አመለከቱኝ። እጄን በእሳቸውና በሸራው መሃል ሰደድኩ። ከታች ያለው ጭራ እንደ ፍራሽ ለስላሳ ነው። እጄን የወጋው ከላይ ያረፈው የእሳቸው አጥንት ነበር።

«ያን ጊዜ ወፈር ያሉ ነበሩ እንዴ?»

ሳቅ እንደ ማለት ብለው «ሁለት ሰው ነበርኩ» አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለካ ያደከምኩሽ እኔ ነኝ። ወንበሩ የመጀመሪያውም ቀን ልክ ነበር።»

ለመናደድም አቅም ይጠይቃል። ዞሬ ጎናቸው ባለው ባዶ ብረት ላይ ቁጭ አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወደ ሊሙ ሲነዱ ጭቃ ይዟቸው ሦስት ቀን እዚያች ወንበር ላይ እንደተኙ፣ የከተማውን ሽቅብ ግን ጂፑ አንዴም ሳይቆም ይወጣው እንደነበር አጫወቱኝ። እኔም ስለ ባለቤቴ ነገርኳቸው። ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉና ፊታቸውን አበሱ፤ ዱዓ ነበር መሰለኝ።

«ለእርስዎ እንዲመች እንዲሁ ልተወው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይሆንም፣ ትርፉን አውጪው። የምነዳው እኔ አይደለሁም።»

አወጣሁት። ሌሎቹንም በዚያው ልክ ሰፋሁ። በበዓሉ ቀን መኪና አይገኝም ብለው ሽማግሌው በዋዜማው ወደ አጋሮ ተመለሱ።

መስከረም ላይ ከሴቶች ጋር ተሰለፍኩ። ጂፑ ከፊታችን ነው። ሻምበሉ የፊት መስታወቱን ይዞ መንገዱን ሁሉ ቆሞ ሄደ፤ አንዴም አልተቀመጠም። ነጂው ወታደር ደግሞ ብርድ ልብስ አጣጥፎ ከሥሩ አንጥፏል። ሽቅቡ ላይ ሞተሩ ጠፋና እኛው ሴቶቹ ገፍተን አወጣነው። መንገድ ዳር ከቆመው ሰው መሃል ሸራውን ልብ ያለ መኖሩን እንጃ።

ከሳምንት በኋላ አንድ የአጋሮ ነጋዴ ማኅበሩ ድረስ መጥቶ ፈለገኝ።

«ሽማግሌው ሰላም ብለውሻል። ጂፑ ሽቅቡን ሳይቆም ወጣ ወይ ብለህ ጠይቃት ብለውኛል።»

ፊት ለፊቴ የደንብ ልብስ ኮሌታ ተቆልሏል።

«ወጣ በልልኝ» አልኩት። «እንደ ድሮው ወጣ በላቸው።»

እሱ ሲሄድ አንዱን ኮሌታ አነሳሁና መርፌው ሥር አስገባሁ።