ደወሉ ያልጮኸበት የገበያ ቀን

ባለፈው ሳምንት የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ፣ ስወጣ እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ተጠጋሁ። ዘመናዊ ነው፤ መክፈቻ የለውም፣ እጅ ሲያይ ራሱ ያፈሳል። እጄን ዘረጋሁለት። ዝም። አወዛወዝኩለት፤ አሁንም ዝም። ከኋላዬ ተራ የምትጠብቅ ልጅ «ትንሽ ይታገሡት እትዬ፤ ተኝቶ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የሠራኋት አንዲት መሣሪያ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቢቸና ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር። ከዚያ በፊት ሞጣ ስማር የተከራየሁት ጋሽ እንድሪስና እትዬ ዘሃራ ግቢ ነበር። ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ። እኔ ቢቸና ሳለሁ፣ በዚያ ክረምት ጋሽ እንድሪስን በድንገት ግማሽ አካላቸውን ያዛቸው። አንደበታቸው ተዘጋ። የቀረቻቸው ግራ እጃቸው ብቻ ነበረች፤ እሷንም ሁለት ሰከንድ ያህል ከፍ አድርገው ይጥሏታል።

እትዬ ዘሃራ ከሱቁ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሱቁ ሲመላለሱ እግራቸው አበጠ። አላስቻለኝም። ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ካመጣኋቸው ቺፖች፣ በቁጥር ከሚታዘዙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች፣ በአንዷ፣ አልጋቸው አጠገብ ሆና ከፊቷ እጅ ሲንቀሳቀስ ሱቅ ውስጥ ደወል የምታስጮህ መሣሪያ ሠራሁላቸው። ጋሽ እንድሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን አንሥተው ደወሉ ሲጮህ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘሃራ ሱቃቸው ውስጥ ተረጋግተው ተቀመጡ። «ደወሉ ካልጮኸ ደህና ናቸው ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ችግሩ ባትሪ ነው። በክረምት መብራት ስለማያስተማምን የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ደግሞ ሦስት ቀን አይቆይም። አንድ እሑድ ሄጄ የመተኛ ዘዴዋን አበጀሁላት። ቺፗ ጊዜ የምትቆጥርባቸው ሁለት ሰዓቶች አሏት፤ ፈጣኑ ባትሪ ይበላል፣ ቀርፋፋው ይቆጥባል። አሥር ደቂቃ እጅ ካላየች ፈጣኑን አጥፍታ ትተኛለች፤ በየሰከንዱ ብቻ ነቃ ብላ ታያለች። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። እጄን አወዛወዝኩ፣ ጮኸ፤ ደስ ብሎኝ ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ፣ ለማስተማሪያ የሠራኋትን፣ ያንኑ የመተኛ ዘዴ ያላትን መንትያዋን ጠረጴዛ ላይ ትቻት ነበር። ከእረፍት ስመለስ እጄን አሳየኋት። አልጮኸችም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ቢበዛ ሰከንድ ልትቆይ የሚገባት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታ ጮኸች። ያኔ ገባኝ። የሰጠኋት ቁጥር በፈጣኑ ሰዓት የተሰላ ነው፤ ስትተኛ ግን ያንኑ ቁጥር የምትቆጥረው በቀርፋፋው ነው። አንዱ ሰከንድ ግማሽ ደቂቃ ሆኗል፤ የጋሽ እንድሪስ እጅ ደግሞ ከሁለት ሰከንድ በላይ አትቆይም። እሑድ የፈተንኳት ገና ሳትተኛ ነበር።

ወደ ሱቁ ስልክ ደወልኩ፤ መስመሩ ተቋርጧል። ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ እንኳ ሳልጠይቅ መኪና ተራ ሮጥኩ። ያ መንገድ በክረምት ጭቃ እንጂ መንገድ አይደለም። ጉንደ ወይን ዳር መኪናው ጎማው ተቀርቅሮ ሁላችንም ወርደን ገፋን። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት የተጠበሰ በቆሎ ቆርሰው ሰጡኝ። «ብይ እንጂ ልጄ፤ ለቅሶ ነው የምትሄጂው?» አሉኝ። «አላውቅም አባቴ» አልኳቸው። በቆሎው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ሰማዩ ጠቁሮ ወደ ሞጣ በኩል ተጭኖ ነበር።

ስደርስ ገበያው ደምቋል። እትዬ ዘሃራ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ጨርቅ ይለካሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ስመኝ! በምን እግርሽ መጣሽ? ከትናንት ጀምሮ እኮ እምብዛም አይጠሩኝም፤ ዛሬማ ጭራሽ። ተሽሏቸዋል መሰለኝ።»

አልፌያቸው ሄድኩ። የጓዳውን መጋረጃ ገልጬ ገባሁ።

ጋሽ እንድሪስ ከአልጋው ወርደው ወለሉ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ጠርተው ጠርተው ሲያቅታቸው ወደ በሩ ሊሳቡ የሞከሩ ይመስላል። ግራ እጃቸው ከሥራቸው ተጣጥፋለች። በሕይወት አሉ፤ ሰውነታቸው ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ ሜትሩን ጣሉት።

አንሥተን አሞቅናቸው። ማታ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሁለቱም ተናገርኩ። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ ዘሃራ ግን «አንቺ ያጠፋሽው ቁጥር ነው። ማየት የተውኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። በማግስቱ መሣሪያዋን ነቅዬ ወሰድኩ። ያቺ የተጣጠፈች እጅ ዳግመኛ አልተነሣችም። በጥቅምት ጋሽ እንድሪስ አረፉ።

እትዬ ዘሃራን አሁንም እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። አርጅተዋል፤ ሱቁን ትተዋል። በመጨረሻ ስንገናኝ ወሬ መሀል ድንገት አቋረጡና፣ «ያን ቀን ያን ያህል ሲጠሩኝ፣ ምን ፈልገው ነበር?» አሉኝ።

ውኃ ይሆናል። ብርድ ይሆናል። ወይም ሚስታቸውን ማየት ብቻ። ብዙ ስህተት በዕድሜዬ አርሜአለሁ፤ ለዚህች ጥያቄ ግን መልስ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ዲዳ ሆነው ሄዱ።