ዓይኑን የጨፈነው ሰውዬ

አዲስ የገቡትን ወይዘሮ አልጋ ላነጥፍ ወደ ክፍላቸው ስገባ ግድግዳው ላይ፣ በትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ያ ሰውዬ ነበር። ዓይኑን ጨፍኗል። ረጅም ጸጉሩ በግራ ትከሻው ላይ ወርዷል። ብርሃኑ ግንባሩን ነክቶ፣ አፍንጫውን ተከትሎ ይወርድና ጢሙ ውስጥ ይጠፋል። አንሶላውን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። የሰም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የጧፍ ሽታ። እዚህ ሃምቡርግ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጧፍ የሚያበራ ሰው የለም። የሚሸተው ሳሙናና የተቀቀለ ድንች ነው።

«ታውቂዋለሽ?» አሉኝ ወይዘሮዋ ከወንበራቸው ሆነው።

«አውቀዋለሁ» አልኩ። ትራሱን እንኳ ሳልቀይር ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ አላርፍ ብሏል። ከባቡር አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ተመልሼ እወጣለሁ። ለጸሎት ስቆም መሐል ላይ ያ ፊት ድቅን ይላል። ስለዚህ ለአንቺ ልንገርሽ፤ ከነገርኩሽ ይለቀኝ ይሆናል።

እማሆይ የእናቴ አክስት ነበሩ። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ፣ ከገዳሙ ዝቅ ብላ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ። አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴ የሆቴል አንሶላ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሶና የጧፍ ፈትል አስይዛ ወደ እማሆይ ትልከኛለች። ያ አቀበት ጦስኝ ጦስኝ ይላል፤ ስትረግጪው ይብሳል። እላይ ስደርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፤ ከታች ደግሞ የከተማው ድምፅ ሁሉ ተጠራቅሞ እንደ አንድ ሰው ሳል ይሰማል።

«መጣሽ፣ ዓይኔ?» ይሉኛል እማሆይ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። መርፌያቸውን የምሰካው እኔ፣ ዳዊታቸውን የማነብበው እኔ፣ በመንገዱ የሚያልፈው ማን እንደሆነ የምነግራቸው እኔ። ዓይናቸው እኔ ነበርኩ። ይኼን ያዢልኝ።

አንድ የገና ሰሞን አጎቴ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዞ ወደ ጎጆዋ መጣ። አጎቴ አስጎብኚ ነው፤ አፉ አያርፍም። ሽማግሌው እንደ ሌሎቹ እንግዶች ትንሽ ካሜራ አንገቱ ላይ አላንጠለጠለም። በበቅሎ የመጣ፣ የእንጨት ሳጥን የመሰለ ካሜራ አውርዶ በሦስት እግር አቆመና ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ጎንበስ አለ።

«ከጨርቅ ሥር ገብቶ ምን ይሠራል?» አሉ እማሆይ። «ያፍራል እንዴ?»

«ፎቶ ሊያነሳዎት ነው፣ እማሆይ። ፊትዎን ወዶት ነው።»

«ፊቴን ወስዶ ምን ሊያደርገው?»

«አገሩ ወስዶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።»

«እኔ እዚያ ልንጠለጠል?» እማሆይ ጎጇቸውን በእጃቸው አሳዩ። «የእኔስ ግድግዳ ባዶ አይደል? ፊት ከወሰደ ፊት ይተው። እንዲሁማ አይሆንም።»

አጎቴ እየሳቀ ተረጎመለት። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። ከበቅሎው ጭነት ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን አውጥቶ እደጃፉ ላይ ከፈተ። ውስጡ በስስ ወረቀት እየተለዩ የተደረደሩ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ነበሩ፤ ሁሉም ፊት፣ ሁሉም ትልልቅ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ሲነካ እንደ ብራና ይንኮሻኮሻል። እማሆይ አንዱን አንስተው አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠጉት። ብዙ ቆዩ።

«ይኼ ማነው?» አሉ። እኔን ነበር የጠየቁት፤ አጎቴ በቅሎዋን ሊያስር ሄዶ ነበር።

አየሁት። ረጅም ጸጉር፣ ጢም፣ የከሳ ፊት፣ እርቃኑን የሆነ ትከሻ፣ የተጨፈነ ዓይን። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ምን ይሆናል?

«ባሕታዊ ናቸው፣ እማሆይ» አልኩ፤ ደስ ብሎኝ። «እየጸለዩ ነው።»

እማሆይ ከፎቶው ላይ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «እንግዲያው ይኼ ይሁን» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ለእንጨቱ ሳጥን ተቀመጡለት።

ፎቶውን ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርገው ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ስደርስ አንዲት ጧፍ ከፊቱ ትበራ ነበር። ጭሱ ግድግዳውን በዙሪያው አጠቆረው፤ ከወረቀቱ ጥግም አንድ ቦታ ሰም ጠብ ብሎበት ደርቆ ቀረ።

በዓመቱ ለገና ሽማግሌው ተመልሶ መጣ። እናቴ በምትሠራበት ሆቴል ግቢ፣ እርጥብ አንሶላ በተሰጣበት ገመድ ሥር፣ ያችን ጥቁር ሳጥን ሲከፍት ተጠጋሁ። ከላይ ያው ባሕታዊ ነበሩ። እዚህኛው ላይ ግን ዓይናቸውን ከፍተው ይስቃሉ፤ ጊታርም ይዘዋል።

«ባሕታዊው!» ብዬ ጮኽኩ።

«የምን ባሕታዊ?» አለ አጎቴ። «ይኼማ ሮክ ዘፋኝ ነው፣ እታለም። እዚህ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁሉ ሮክ ዘፋኞች ናቸው፤ ሰውዬው በወጣትነቱ እነሱን ሲያነሳ ነው የኖረ። ይኼኛው መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጮኽ ነበር አሉ። ገና ልጅ ሳለ ነው የሞተ።» ድንገት ቆም አለ። «ቆይ፣ ቆይ... እማሆይ ጎጆ ያለው?»

አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እማሆይ ዘፋኝ ይሳለማሉ!»

«አጎቴ፣ በማርያም!»

«እሺ አቦ፣ አልናገርም። ግን ጊታርም እንፈልግላቸው፤ በገና ነው ብለው ይደረድሩት ነበር።»

ሽማግሌው ዓይኔን አይቶ ይሁን እንጃ፣ ከሳጥኑ ሦስት እንድመርጥ በእጁ አሳየኝ። መረጥኩ። ወስጄ የአባቴ ማኅደር ውስጥ ደበቅኋቸው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ሲያርፉ ድጓቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፣ የሚያዝበት የቆዳ ማኅደር ግን ባዶውን እኛ ቤት ቀረ። ድጓ በወጣበት ዘፋኝ ሳስገባ ሦስት ጊዜ አማትቤያለሁ። አልዋሽሽም ግን፣ እወዳቸው ነበር። እናቴ ወንዝ ስትወርድ አውጥቼ ግድግዳው ሥር እደረድራቸዋለሁ፤ ጥርሷን ገልጣ የምትስቀውን፣ ሲጋራው ጣቱ ላይ ሲቃጠል የረሳውን፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን ያቀፈውን። መልሼ እከታለሁ፤ ደግሞ አወጣለሁ።

ለእማሆይ ሽማግሌው የራሳቸውን ፊት አምጥቶላቸው ነበር። አስጠግተው አዩትና «ይቺ ምን የመሰለች አሮጊት ናት!» ብለው መለሱልኝ። «ከእነዚያ ከሰበሰብሻቸው ጋር አኑሪያት። ሰው አታጣም።» ማኅደሩ ውስጥ የነበሩትን አሳይቻቸው ነበር። ማን እንደሆኑ ግን አልነገርኳቸውም። ያም ሰውዬ ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ከገና እስከ ነሐሴ አልነገርኩም። ፍልሰታ ሲገባ ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ።

«ባሕታዊ ናቸው ስትዪ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም ነበር፣ አባ።»

«ካወቅሽስ በኋላ?»

የነጠላዬን ጫፍ ጠቀለልኩ።

«እሱ ነው ኃጢአቱ። የታመነብሽ ዓይን ነበርሽ። ወጥተሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እስከዚያ አትቆርቢም።»

በእኛ አገር በፍልሰታ ያልቆረበ ልጅ ሰው ሁሉ ይታዘበዋል። ጓደኞቼ ነጭ ለብሰው ተሰልፈው ሲገቡ እኔ ከድንጋዩ ግንብ ሥር ቆሜ እቀራለሁ። «ሰርቃ በልታ ነው!» ይሉኛል ሲወጡ፣ አፋቸውን በነጠላቸው እንደሸፈኑ። እናቴ ታየኛለች ብቻ።

ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉሙ ደግሞ የራስሽን እግር አያሳይሽም። እማሆይ ዘንድ እንግዳ መነኩሲት ተቀምጠው አገኘሁ። ዳዊት አንብቤ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ወጣሁ።

«እማሆይ፣ ያ ፎቶ...»

«ምነው? ወደቀ?»

«አይ፣ አልወደቀም» አልኩና እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ብነግራቸው ያች ጧፍ ትጠፋለች፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቆሙት ጸሎት በእኔ አፍ ከንቱ ይሆናል። ባልነግራቸው ደግሞ የፍልሰታው ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ከቁርባኑ እንደራቅኩ ልቀር ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ዝናብ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሳልገባ፣ እንዳይመለስብኝ ቶሎ ተናገርኩት።

«ባሕታዊ አይደለም፣ እማሆይ። ዘፋኝ ነው። የፈረንጅ ዘፋኝ። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት።»

እማሆይ ፈትሉን ሰም ውስጥ መንከራቸውን አላቋረጡም። «ግቢና በሩን ዝጊው። ጧፏን ነፋሱ ያጠፋታል።»

ገባሁ።

«ባሕታዊ ጉትቻ ያደርጋል እንዴ?» አሉኝ።

«ምን?»

«ከጸጉሩ ሥር ጉትቻ አለችው። ዓይኔ ደከመ እንጂ መች ጠፋ? የዚያን ዕለት አስጠግቼ አይቻታለሁ።»

ሄጄ አየሁ። አለች፤ የምስር ፍሬ የምታህል። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ዓይናቸው ነኝ ባይዋ፣ አላየኋትም።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነገርሽኝ። ምን ብዬ ላፍርስብሽ?»

«ለምን ይሳለሙታል ታዲያ?»

«ስሳለመው አይተሽኛል?»

አሰብኩ። አላየሁም። ጧፏን ያበራሉ፣ እሱን ትክ ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ወደ እመቤታችን ሥዕል ይዞራሉ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር።

«ለእሱ ነው የምለምንለት» አሉ። «እዪው እስኪ። ደክሞታል። የሚጸልይለት ሰው ያለው ይመስልሻል?»

«አጎቴ ሲዘፍን ይጮኻል አለ።»

«ጮኾ ጮኾ ነዋ የደከመው።»

«ሞቷል እኮ፣ እማሆይ። በወጣትነቱ።»

ያን ጊዜ ነው እጃቸው የቆመው። ፈትሉ ላይ ያለው ሰም ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁት። «እንዲያማ ከሆነ አሁን ነው የባሰበት» አሉና ሁለተኛ ጧፍ ለኮሱ። «ስሙ ማን ነበር?»

ጊታር ይዞ ከሚስቅበት ፎቶ ጀርባ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ሞከሩት፣ ምላሳቸው ላይ ተሰናከለ። ቀና ብለው ሥዕሏን አዩ። «ተዪው። ስሙን እሷ ታውቀዋለች።»

ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ወረድኩ፤ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። የንስሐ አባታችን ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ለእኔም ይጸልዩልኝ በያቸው» አሉኝ። በማግስቱ ቆረብኩ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላም ለገና እየመጣ አንድ አንድ ፊት ሲሰጠኝ ቆየ፤ አንድ ዓመት ቀረ፣ በዚያው ቀረ። እኔ ነርስነት ልማር ደሴ ወረድኩ። እማሆይ ሲያርፉ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ የደረስኩት ለአርባቸው ነው። ጎጆዋ ተከፍታ ነበር። የእመቤታችንን ሥዕል ወደ ገዳሙ ወስደውታል። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ በጥቀርሻው መሐል፣ አንድ ያልጠቆረ አራት ማዕዘን ቦታ ብቻ ቀርቷል። ማን እንደወሰደው የሚያውቅ አላገኘሁም። መዳፌን ቦታው ላይ አደረግሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ያለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ለአጎቴ ደወልኩለት። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ድምፁም ቀንሷል፤ ያን ፎቶ ማን እንደወሰደው ስጠይቀው ግን እንደ ድሮው ሳቀ። «ማን ያውቃል፣ እታለም? አንዱ ወስዶ ባሕታዊ ነው ብሎ ይሳለመው ይሆናል።»

ትናንት የእረፍት ቀኔ ነበር። ማኅደሩን አንግቼ በባቡር ወደ ሥራ ቦታዬ ሄድኩ። ፎቶዎቹን ለወይዘሮዋ አልጋው ላይ ደረደርኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ እያነሱ በስማቸው ጠሯቸው፤ የአንዷን ዘፈን በቀጭን ድምፅ ጀመሩና ሳል አቋረጣቸው። «ይኼን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ፤ «ዝናብ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬን ጥዬ።» ጉንጫቸው ቀልቷል።

ከሥር የእማሆይ ፊት ወጣ። ቆባቸው፣ ነጠላቸው፣ ካሜራውን የሚገስጽ የሚመስለው ዓይናቸው። ወይዘሮዋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት።

«እሷን አላወቅኋትም» አሉ። «ምን ትዘፍን ነበር?»

«አይዘፍኑም ነበር» አልኩ፤ ወደ ግድግዳው እያሳየሁ። «ለእሱ ነበር የሚጸልዩት።»

ወይዘሮዋ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። የእማሆይን ፎቶ አልመለሱልኝም፤ ደረታቸው ላይ ይዘውት ቀሩ። የእማሆይ ሌላ ፎቶ የለኝም። ማኅደሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከዚያ ፎቶውን ከእጃቸው ተቀብዬ ወንበር ላይ ወጣሁና እማሆይን ከእሱ ከፍ አድርጌ ሰቀልኳቸው።

ወርጄ ትራሱን ቀየርኩ።