ከሰሌዳው የተፋቀው ሽሮ

ባለቤቴ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ጅቡቲ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር የአንድ አዲስ ምግብ ወሬ ይዞ ይመጣል። እኔ ደግሞ ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ከለገሃሩ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ሽሮ፣ ምስር፣ ቀይ ወጥ እሠራለሁ፤ ለመጋላ ገበያ ነጋዴዎች ደግሞ ሩዝ በፍየል ሥጋ።

ያን ጊዜ ከዚራ ውስጥ መኮሮኒና ኮተሌት የማይሸጥ ቤት እየጠፋ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ሰዓሊ ይዞ መጣና በር ላይ ያለውን የምግብ ዝርዝር ሰሌዳ አስቀየረ። ሩዙና ቀይ ወጡ ተረፉ። ሽሮና ምስሩ ተፋቁ፤ በቦታቸው መኮሮኒና ኮተሌት ተጻፈ።

«ሽሮውስ?» አልኩት።

«ሽሮ ቤቱ የሌለው ማን አለ? ሰው ቤቱ ያለውን ሊበላ እዚህ ምን ያመጣዋል?»

ኮተሌት መጥበሱን ተያያዝኩት። ደግሞም የተናገረው ሆነለት። የቢሮ ጎረምሶች እጮኞቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ኮተሌቱን በቢላዋ ሲታገሉት ማየት ደስ ይል ነበር።

የባቡር ጥገና ሠራተኞቹ ግን ቀሩ። ከነሱ አንዱ ምሳውን ሁሌ እኛ ዘንድ የሚበላ ጸጥተኛ ሰው ነበር። ሰሌዳው በተቀየረ ማግሥት በሩ ላይ ቆሞ አነበበና ተመለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገበያ ውስጥ አገኘሁት።

«ምነው ጠፋህ?»

«አቦ፣ ሽሮ ትተሻል አሉ።»

«ቤትህ አይሠራም እንዴ?»

«ማን ይሠራዋል? ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ቤት እሳት አልነደደም።»

ማረፏን አልሰማሁም ነበር። እዚያው ገበያው መሃል እግዜር ያጥናህ አልኩት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «እሺ፣ ሥሪለት። ሰሌዳው ላይ ግን አይጻፍም» አለ። ያልተጻፈው ሽሮ ወሬው ተዛመተና የጥገና ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያው» ይሉኛል፤ አመጣላቸዋለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ኮተሌቱ የሚነካው አጣ። የቢሮ ልጆቹም ሽሮ ይጠይቁ ጀመር። ባለቤቴ ራሱ ሰዓሊውን ጠርቶ ሽሮና ምስሩን መልሶ አስጻፈ። በሥጋ እንሠራው የነበረውን መኮሮኒ ግን መጣል አሳዘነኝ። ሽንኩርት በዘይት አቁላልቼ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ጨምሬ ስልስ ሠራሁና መኮሮኒውን ለወስኩበት። መጀመሪያ ያቀረብኩት ለባለቤቴ ነው። ገና አንዴ እንደጎረሰ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ጅቡቲ ላይ እንዲህ አይሠሩትም» አለኝ።

«እንግዲያው ጅቡቲ ሄደህ ብላ።»

ሳቀና ሳህኑን ጠርጎ በላ። ጾሙ ሲፈታ ስልስ ያለበትን መኮሮኒ ልተወው ብል እንግዶቹ እንቢ አሉ። የጥገና ሠራተኞቹ በእንጀራ እየጠቀለሉ፣ የቢሮ ልጆቹ በሹካ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበሉት ነበር።