የማላጋን ካቴድራል የጨረሰው ፎቶ ቤት

«አየሽ ልጄ፣ እነሱም ጨርሰው ነው የገቡት!» አሉኝ ጋሼ ታደሰ ዛሬ ስብሰባ ላይ፣ እኔው ያመጣሁትን ፎቶ ለሰው እያሳዩ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ በንዴት ልፈነዳ!

ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ራንድል ሰፈር ያለው አዲሱ ሕንፃችን የቀረው የደወሉ ግንብ ብቻ ነው። እሳቸው ግን «ጎዶሎ ቤት አይገባም» ብለው፣ ይኸው ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር በኪራይ አዳራሽ እናስቀድሳለን። እናቴ በዚህ በረዶ ሁለት ባስ ቀይራ።

ባለፈው ለቫኬሽን ስፔን ሄጄ የማላጋን ካቴድራል አየሁ። ከሁለቱ ግንቦች አንዱ ሳያልቅ ቀርቷል። የከተማው ሰው «ባለ አንድ እጇ» ብሎ በፍቅር ይጠራታል፤ እንዲያም ሆና ስንት ዘመን ተጸልዮባታል። ጋሼን በዚህ ነው የማሳምናቸው ብዬ ያነሳሁትን ፎቶ ፎቶ ቤት ልኬ ትልቅ አድርጌ ፕሪንት አስደረግኩ። ጠቅልለው ሰጡኝ፤ እኔም ሳልከፍተው ወደ ስብሰባው።

ስብሰባው ላይ ስዘረጋው ሁለት ሙሉ ግንብ!

ፎቶ ቤቱ ጋ ደወልኩ። «አንዱ ግንብ ሚሲንግ ስለነበር በኤአይ ፊክስ አደረግንልሽ፤ ፍሪ ነው» አይለኝም? ማን ጠየቀህ? የስፔን ግንበኞች ያልጨረሱትን እሱ በምሳ ሰዓቱ ጨረሰው!

ኦሪጅናሉን ከስልኬ ባሳያቸው ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ «ይሄማ ሳያልቅ የተነሳ ነው» አሉ።

እናንተስ፣ ሳትጠይቁ «አስተካክለንላችኋል» ብለው ጉድ የሠሯችሁ አሉ? ጻፉልኝ፣ ንዴቴ ይብረድ። ነገ እሑድ ነው። እኔ የሥራ ሺፍት ስላለኝ አላደርሳትም፤ እናቴ ነገም ሁለቱን ባስ ትጠብቃለች።