የቄጠማው ሥር

በዲላ ገበያ ቄጠማ ሻጯን አሮጊት ስማቸውን የጠየቃቸው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወናጎ በኩል ይመጡና ከፈይዛ ሱቅ ደጃፍ ቄጠማቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። የሚለብሱት እጅጌው የረዘመ የወንድ ኮት ነው፤ የማን እንደነበረ አይናገሩም። ቄጠማውን ከውሃው በላይ አንድ ጋት አስተርፈው ያጭዱታል እንጂ አይነቅሉትም። ገዢ ግን ቶሎ ስለማይጠወልግ ከነሥሩ የተነቀለውን ይመርጣል።

«ሥሩ የታለ፣ እማማ?» ትላቸዋለች አንዷ ገዢ።

«ቤቱ ነዋ! አንቺስ ገበያ የመጣሽው ቤትሽን ተሸክመሽ ነው?»

ፈይዛ ከውስጥ ትስቃለች። እሷ የምትሸጠው የፕላስቲክ ሣር ነው፤ ሴትዮዋ ግን አንድም ቀን በክፉ ዓይን አላዩዋትም።

ዛሬ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሥር ከነጭቃው ታቅፈው መጡ። ፈይዛ የሚጠጣ ውሃ ስትሰጣቸው ግማሹን ሥሩ ላይ አፈሰሱት።

«ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት ቦይ ቆፍረው ረግረጉን አደረቁት። የተረፈው ይሄ ብቻ ነው፣ ልጄ። ጓሮሽ ውሃ ይተኛበታል?»

ፈይዛ የቧንቧው ውሃ የሚጠራቀምበትን የጓሮዋን ጥግ ልትደፍነው ትናንት ሲሚንቶ አስመጥታለች። ከረጢቶቹ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል፤ ሴትዮዋም አይተዋቸዋል።

«ይተኛበታል፣» አለችና የጓሮውን በር ከፈተችላቸው።

ሴትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ወዲያ ወዲህ እየረገጡ ብዙ ቆዩ።

«ቀዝቃዛ ነው፣» አሉ በመጨረሻ፤ «ሥሩ ይለምደዋል።»