ስለ ድመቷ ምጥ ለእህቴ የዋሸሁት

ልጅ እያለሁ የማልጠየፈው ነገር አልነበረም። ዝንብ ያረፈበት እንጀራ አልበላም፤ ሰው የጠጣበትን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ሳላለቀልቅ ወደ አፌ አላስጠጋም፤ የወተት ስልባቦት ከንፈሬ ላይ ከተጣበቀ ቀኑን ሙሉ ስተፋ እውላለሁ። እናቴ «ይሄን ልጅ ለንጉሥ ቤት ነው እንዴ የወለድኩት?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የሚያስቀው ደግሞ የተወለድኩበት ቤት ነው። አባቴ ለአንኮበር ደብሮች ብራና የሚፍቅ ሰው ነበር። ግቢያችን በሞላ የፍየል ቆዳ ነው፤ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ፣ በእንጨት ላይ የተወጠረ፣ ሞራውና ሥጋው በመፋቂያ እየተገፈፈ መሬት ላይ የሚወድቅ። «የእናንተ ቤት ታች ጎረቤላ ድረስ ይሸታል» ይሉን ነበር። ለዚያ ሽታ አፍንጫዬ ሞቷል፤ ለሌላው ሁሉ ግን እንደነቃ ነው።

ነገሩ የሆነው ከክፉ ቀን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከብቱ ገና በየደጁ ሞልቶ ነበር፤ ንጉሡ ግን ወደ እንጦጦ ስለወጡ አንኮበር ጭር ማለት ጀምራለች። የአባቴ ጭንቀት አይጥ ነበር። ስንት ቀን የደከመበትን ብራና ጠርዙን ከርክማው ታድራለች። ቆዳ የሚሸጡለት የአልዩ አምባው ነጋዴ ይህን ሰምተው አንድ ቀን አመድማ የድመት ግልገል በቅርጫት ይዘውለት መጡ። «ወላሂ፣ እናቷ አይጥ ቀርቶ እባብ አታሳልፍም» አሉት። ስም እንኳ አላወጣንላትም፤ ውሮ እያልን ቀረን። ውሮም አይጥ በመያዝ ፈንታ መሬት የወደቀ የሞራ ቁራጭ እያሳደደች ስትጫወት ከረመች። ጨዋታዋን ሳትጨርስ አንድ ቀን ሆዷ ተነፍቶ አየነው። ከሆዷ በቀር ሁሉ ነገሯ የልጅ ነው፤ አንገቷ ቀጭን፣ እግሯ ቀጭን፣ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ። የራሷ ሆድ የሚያስደነግጣት ይመስል ዞር እያለች ታሸተዋለች። እኔን ደግሞ ሳያት ይቀፈኛል። ጡቷ አብጦ ቀልቷል፤ ከኋላዋ አንድ ዝልግልግ ነገር እየተንጠባጠበ በተቀመጠችበት ሁሉ ምልክት ትታ ትነሣለች። ኤዲያ!

በዚያው ሰሞን እህቴ አስካለ ከባሏ ቤት መጣች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደውና፣ አማቶቿ በበቅሎ አስቀምጠው ከሰላ ድንጋይ ሰደዷት። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሲድሯት፣ የሠርጉ ዕለት ጠዋት እንኳ እኔና እሷ ቅልልቦሽ ስንጫወት ነው ጠርተው የወሰዷት። ከበቅሎው ስትወርድ ያቺው አስካለ ነበረች፤ ፊቷ የልጅ፣ ክንዷ የልጅ፣ ሆዷ ብቻ የሌላ ሰው። በነጋታው ጠጠር ለቅማ «ና እንጫወት» አለችኝ። ጎንበስ ብላ ማንሣት አቃታት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቁማ ሆዷን አየችው።

እንዴት እንደሚወለድ የነገራት ሰው አልነበረም። እናቴን ስትጠይቅ «እመቤታችን ታውቃለች፤ አንቺ ብቻ አፍሽን በደግ ክፈቺ» ትባላለች። አዋላጇን እማማ ወርቄን ስትጠይቅ «ሲደርስ ታውቂዋለሽ» ትባላለች። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ይቆዩና እሷ ስትገባ ጸጥ ይላሉ። ከወሬያቸው ይልቅ ዝምታቸው አስፈራት። አንድ ቀን ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

«ወንድምአለም፣ ውሮ ከእኔ በፊት ነው የምትወልደው። አጠገቧ ሁንና አንድ ሳታስቀር እይልኝ። ከዚያ ትነግረኛለህ።»

«እኔ? እፍ! እታለም፣ እኔ እኮ አጠገቧ መቆም እንኳ...»

«ሌላው ሁሉ ይዋሸኛል። አንተ አትዋሸኝም» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን ላድርግ? እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ መረረኝ። አስካለ ከመደቧ ሳትነሣ ድመቷን በእኔ እጅ ታስታምም ጀመር፤ ለእሷ የታዘዘ ሁሉ ለውሮም ይታዘዛል። እንደ ሰው ካልተንከባከብናት የምትሞት መስሎን ነበር። እማማ ወርቄ የእህቴን ሆድ በቅቤ ሲያሹ፣ እኔም የውሮን ሆድ በቅቤ እንዳሽ ተላክሁ። ቅቤው የከረመ ነው፤ ሽታው ራሱ ይበቃ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኳት። ከቆዳዋ ሥር አንድ ነገር ድንገት እጄን ረገጠኝ። እሪ ብዬ ወጥቼ እጄን በአመድ ፈትጌ ፈትጌ ልልጠው ደረስኩ። ውሮ ደግሞ ቅቤውን ልሳ ጨረሰችውና ሆዷን ነዳት፤ ያውም የት? አባቴ ወጥሮ ባሳደረው ብራና ላይ! ማን ጠረገው? እኔው። የተልባው ነገር የባሰ ነበር። አስካለ ምጥ እንዲያቀልላት ከተበጠበጠላት ተልባ ግማሹን ደብቃ ትሰጠኛለች፤ ውሮ ፊቷን ስታዞርብኝ በጣቴ አፏን ከፍቼ አጠጣታለሁ፤ ያ ንፍጥ የመሰለ ነገር በአገጯ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል። እናቴ አይታኝ «ቆዳ መሃል ተወልደህ ድመት ትጠየፋለህ? ወግ ነው!» ብላ አላገጠችብኝ።

ውሮ የወለደችው አርብ ቀን ረፋድ ላይ ነው። እናቴ ለአስካለ የአራስ ቤት የሚሆን ማር ልትገዛ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወርዳ ነበር። ቆዳው የሚፋቅበት ጎጆ ውስጥ ባነጠፍኩላት ጭድ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። እንደ ውሻ ታለከልካለች። ከኋላዋ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ፈሳሽ ወጥቶ ጭዱን አርሶታል፤ የሞተው አፍንጫዬ እንኳ ያን ሽታ አልቻለውም። ቀጥሎ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ወጡ፤ የኋላ እግሮች ናቸው። ወጡና እዚያው ቆሙ። ውሮ ታምጣለች፣ ትዞራለች፣ ልትነክሳቸው ትሞክራለች፤ ንቅንቅ አይሉም። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት የድመት አልነበረም። ሰው እንዳልጣራ አስካለ ከቤት ትሰማኛለች። የማደርገው ሲጠፋኝ ተንበርክኬ፣ ሴቶቹ ምጥ ላይ ሲሉ እንደሰማሁት «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመርኩ።

በዚህ መሃል አባቴ ገባ። «አንተ! ለድመት እመቤታችንን ትጠራለህ?» ብሎ እጁን አነሣብኝ። ወዲያው ጎንበስ ብሎ አያት። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ይቺ እኮ ገና ልጅ ናት» አለ። «ደግሞ ይቺን ማን...» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። አስካለ ወዳለችበት ወደ ቤቱ ዞሮ ተመለከተ። «በጨርቅ ያዘው፤ እሷ ስታምጥ ብቻ ቀስ አድርገህ ሳብ» አለኝና ወጣ። ከጎጆው ጀርባ ሲያስመልሰው ሰማሁ። ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ የፋቀ ሰው!

ሳብኩ። እየተሟለጨ ያመልጠኛል፤ እንደገና እይዘዋለሁ። ምራቄ አፌን ሞልቶት መዋጥ አልቻልኩም። በመጨረሻ ተመዝዞ ወጣ፤ ጠቁሮ፣ ሞቶ። ሁለተኛውም ሞቶ ወጣ። ሦስተኛው ብቻ ነፍስ ነበረው፤ እሱም እርጥብ አይጥ ነው የሚመስለው። ውሮ እንግዴ ልጁን መብላት ጀመረች። እሱስ ይሁን፤ ቀጥላ ከሞቱት ልጆቿ አንዱን ከራሱ ጀምራ በላችው። የአጥንቱ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የበላሁት ሁሉ በአፌም በአፍንጫዬም ወጣ። እሷ ደግሞ ስትጨርስ፣ ያን ሁሉ በበላችበት ምላሷ እጄን ላሰችኝ። በዚያች ሰዓት መወለድ የሚባለውን ነገር ሁሉ ጠላሁት። እኔም እንዲህ ነው የመጣሁት ብዬ ሳስብ የገዛ ገላዬ ቀፈፈኝ።

ታጥቤ አስካለ ዘንድ ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ወለደች?»

«ወለደች።»

«ያ ጩኸት ምን ነበር?»

«ሌላ ድመት መጥቶባት ነው። አባረርኩት።»

«ደምስ?»

«ትንሽ። እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው የሚወጣው?»

«ባቄላ ከልጣጩ ሙልጭ ሲል አይተሽ የለ? እንደዚያ ነው። እሷ ራሷ እንኳ አላወቀችም።»

ፊቷ ሲፈታ አየሁት። እዚያው «እፎይ» ብላ ሳቀች፤ የዚያን ቀን ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። እኔም ትልቅ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ስኮራ ዋልኩ።

በሳምንቱ ምጥ ያዛት። እኔን ጎረቤላ አክስቴ ቤት ሰደዱኝ። በአራተኛው ቀን ስመለስ እልልታ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ሞቶ ወጥቷል፤ አስካለ ተርፋለች። ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሏት ይገባሉ ይወጣሉ። በር ላይ ቆሜ አየኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። እኔን ስታይ አፏን አንቀሳቀሰች። ድምፅ አልወጣትም፤ ምን እንዳለችኝ ግን ገብቶኛል። «ውሸታም» ነው ያለችኝ።

ምጡ ሰውነቷን ጎድቶት ኖሯል። ሽንቷን መያዝ አቃታት፤ ቀንም ሌትም ይፈስሳል። ቢያጥቧት፣ ልብሷን ቢለውጡላት፣ ጠበል ቢወስዷት፣ ያው ነው። አማቶቿ አንድ ጊዜ መጥተው አይተዋት ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላ ባሏ ሌላ አገባ። ጎረቤትም እኛ ቤት መቀመጥ ተወ። ይህን ስታይ አስካለ ራሷ ምንጣፏን ጠቅልላ ወደ ቆዳው ጎጆ ገባች። «እዚያ ሽታዬን ማን ይለየዋል?» አለች እናቴን። አባቴ መፋቂያ ሰጣትና አጠገቡ አስቀመጣት። ደብተራዎቹ የሷን ብራና እየመረጡ ይወስዱት ጀመር፤ የማን እጅ እንደፋቀው ግን አያውቁም፣ ቢያውቁም የሚነኩት አይመስለኝም። ውሮ ከእነ ልጇ ጭኗ ላይ ትተኛለች። ከአባቴ በቀር እሷን የማትጠየፍ ፍጡር በዚያ ግቢ ውስጥ ያቺ ድመት ብቻ ነበረች።

እኔስ? ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ውሎ፣ ጎጆው ተዘግቶ ቆይቶ፣ በሩን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ሳላስበው አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። አየችኝ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? «ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠውና ሂድ፣ ወንድምአለም፤ እኔ አነሣዋለሁ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ክፉ ቀን መጥቶ ከብዙ ሰው ጋር እስኪወስዳት ድረስ፣ ምግቧን ከድንጋዩ ላይ ነበር የምታነሣው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተጠይፌያለሁ። ራሴን የተጠየፍኩትን ያህል የተጠየፍኩት ግን የለም። እውነቱን ብነግራትስ የት ታመልጥ ነበር? የትም። ቢሆንም ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን አምና ነበር።

የእኔ ዘመን ሰዎች ስንገናኝ ያ ጊዜ ማርና ወተት ነበር እንላለን። እኔም እላለሁ። የአንኮበር ጭጋግ እስከ ደጃፋችን ሲመጣ፣ አስካለ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውራ ሳይወድቅ በእጇ ጀርባ ስትቀልበው፣ አባቴ ብራናውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ሲያይ፣ ይህ ሁሉ ይናፍቀኛል። ዛሬ ወረቀቱ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ብራና ፋቂ እያለቀ ነው፤ መንገዱም ሰዉም ተለውጧል። ያልተለወጠም አለ። ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፣ ልጄን ለአንድ ባለጸጋ ልጅ ሊጠይቁ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከጎረቤት ልጆች ጋር ጓሮ ድብብቆሽ ትጫወታለች፣ ሳቋ ይሰማናል። «ምን ይጠበቃል፣ ደርሳለች እኮ» አሉኝ። ጠላ ቀድቼላቸው ተቀመጥኩና መናገር ጀመርኩ። ከውሮ ሆድ ተነሣሁ። የቆሙትን እግሮች፣ ፈሳሹን፣ ጩኸቱን፣ የአጥንቱን ድምፅ፣ ለእህቴ የሸሸግኩትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወደ እሷ ምጥ፣ ከዚያ ወደ ጎጆው ሄድኩ። አንዱ ዋንጫውን አስቀመጠ። ትልቁ ሽማግሌ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ደርበው፣ «ኧረ ይብቃዎት ጌታዬ! እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ የሚያስጠላ ወሬ ይወራል?» አሉኝ።

«አዎን፣ ያስጠላል» አልኳቸውና ቀጠልኩ።